ፖሊስ የጻፈውና ሽማግሌ የተናገረው፦ የጃማይካ የጉዞ ማስታወሻ

ያደግኩት ሻሸመኔ ነው። ከጃማይካ ሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ተጫውቻለሁ፤ እናቶቻቸው በዓል ሲደርስ እኛ ቤት ቡና ይጠጡ ነበር። እነዚህ ሰዎች ለምን መጡ ብለን ስንጠይቅ ግን ታላላቆቻችን «ጃንሆይ መሬት ሰጥተዋቸው ነው» ከማለት አያልፉም ነበር። እውነት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 በኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን በኩል 5 ጋሻ መሬት ሰጥተዋል። ነገር ግን ሰው መሬት ስለ ተሰጠው ብቻ ውቅያኖስ አይሻገርም። ከመሬቱ በፊት እምነት ነበረ፤ ከእምነቱ ጋር ደግሞ ብዙ መከራ ነበረ። የታሪክ መምህር ከሆንኩ በኋላ ይህ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ፣ የራስ ተፈሪያንን ታሪክ ከምንጩ ለመፈለግ ወደ ጃማይካ ሄድኩ። ማስታወሻዬን የማወጣው ከእኔ በኋላ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ መንገዱ እንዲቀልለው ነው። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቅዳሜ፣ ኪንግስተን

አውሮፕላን ማረፊያው ወደ ባሕር በተዘረጋ ቀጭን የመሬት ምላስ ላይ ነው ያለው። ዛሬ በኖርማን ማንሊ ስም ይጠራል፤ ያኔ ፓሊሴዶስ ይባል ነበር። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ሲያርፉ ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ ጠብቋቸዋል። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ አውሮፕላኑ ሲመጣ ሰማዩ እንደ ጠራ የዓይን ምስክሮች ደጋግመው ተናግረዋል። ሕዝቡ የጥበቃውን መስመር ጥሶ አውሮፕላኑን ስለ ከበበ ንጉሡ ለጥቂት ጊዜ መውረድ አልቻሉም። በመጨረሻ ሞርቲሞ ፕላኖ የተባለው የራስ ተፈሪያን መሪ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነው የወረዱት። መንግሥት ሲያሳድደው ከኖረው ወገን የሆነ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ለመንግሥት ሥርዓት አስከባሪ ሆነ። ራስ ተፈሪያን ይህን ቀን እስከ ዛሬ ያከብሩታል።

ወደ ከተማ የወሰደኝ ባለ ታክሲ የጴንጤቆስጤ አማኝ ነው። ከኢትዮጵያ መምጣቴን እንደ ሰማ «እናንተም ንጉሡን አምላክ ነው ትላላችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። አንልም አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ስለ ራሱ ቤተ ክርስቲያን እስከ ሆቴሉ ድረስ አወራኝ። በውጭ ያለን ሰዎች ጃማይካን በሙዚቃዋ ስለምናውቃት ሕዝቡ በሙሉ ራስታ ይመስለናል። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ግን ራስ ተፈሪያን ነኝ ያለው 29,000 ያህል ሰው ነው፤ ከ2.7 ሚሊዮን ውስጥ ከመቶ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። የሚበዙት የቸርች ኦፍ ጎድ፣ የአድቬንቲስት፣ የጴንጤቆስጤና የባፕቲስት ምእመናን ናቸው። የራስ ተፈሪያንን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን መዘንጋት የለበትም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ቃል በቃል ከሚያነብ ሕዝብ መካከል የወጣ እምነት ነውና።

እሑድ

በጠዋት ማክስፊልድ ጎዳና ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄድኩ። ከበሩ ሳልደርስ የዕጣኑ ሽታ ተቀበለኝ። ጫማ ወልቋል፣ ነጠላ ተጣፍቷል፣ ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላው ወገን ቆሟል። ድሬዳቸው ወገባቸው ድረስ የሚወርድ አዛውንት «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን በግእዝ ሲሉ ከአጠገባቸው ቆሜ አልኩ። ስብከቱ በእንግሊዝኛ ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ እዚህ የተተከለችው በ1970 ነው። ያኔ አባ ላእከ ማንደፍሮ ይባሉ የነበሩትና በኋላ አቡነ ይስሐቅ የሆኑት አባት ከአሜሪካ ተልከው መጡ። የጠበቃቸው ጉባኤ ብዙ ነበር፤ ፈተናውም እንደዚያው። ራስ ተፈሪያን በንጉሡ ስም እንዲያጠምቋቸው ጠየቁ፤ እርሳቸው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንጂ አይሆንም አሉ። ይህን የሰሙ ጥለው የሄዱ አሉ፤ ቀርተው የተጠመቁም በብዙ ሺሕ ናቸው። ቦብ ማርሊም በኅዳር 1980 ኒውዮርክ ውስጥ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠምቋል። በግንቦት 1981 የቀብሩ ጸሎት እዚህ ኪንግስተን በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሲደረስ የመሩት አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። እርሳቸውም በ2005 ሲያርፉ እዚሁ ተቀበሩ።

ከቅዳሴ በኋላ ከአንዲት እናት ጋር ጥላ ሥር ተቀምጬ ቆየሁ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቁ ከቦርሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፤ የጥምቀት ምስክር ወረቀታቸው ነው። መታጠፊያው ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተይዟል። ማኅተሙ ደብዝዟል፤ በእጅ የተጻፈው የግእዝ ፊደል ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ስማቸውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝና ሳነብ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉኝ። «እርስዎ ሲጠመቁ ንጉሡን ትተው ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ወደ ክርስቶስ ያደረሱኝ እርሳቸው ናቸው፤ የመራኝን ሰው እንዴት እተዋለሁ?» አሉኝ። ብዙ መጽሐፍ የሚደክምበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ወረቀቱን ፎቶ ላንሣ ማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደገና ሲጠቀልሉት ዝም አልኩ።

ሰኞ

ኢስት ጎዳና ላይ የሚገኘው የጃማይካ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት። በ1879 ከተመሠረተው ከጃማይካ ኢንስቲትዩት ጎን ነው። መታወቂያ ማሳየት፣ ቅጽ መሙላት፣ ቦርሳን ማስቀመጥ፣ በእርሳስ ብቻ መጻፍ፤ የእኛን ወመዘክር ለሚያውቅ ሥርዓቱ አይከብድም። የሚፈልጉትን ርእስና ዓመት አስቀድሞ ጽፎ መምጣት ግን ብዙ ሰዓት ያተርፋል። ሠራተኞቹ ነገሩን ከልብ ያውቁታል፤ የጠየቅኳቸውን አምጥተው ያልጠየቅኳቸውንም ጨመሩልኝ።

የጀመርኩት ከመጋቢት 1934 ጋዜጦች ነው። በማይክሮፊልም የተነሣውን የግሊነር ጋዜጣ ሳገላብጥ የሊዮናርድ ሃዌልን ችሎት አገኘሁ። ሃዌል ከአሜሪካ ተመልሶ በ1933 በምሥራቅ ጃማይካ፣ በሴንት ቶማስ አውራጃ፣ ራስ ተፈሪ የተመለሰው መሲሕ ናቸው እያለ መስበክ የጀመረ ሰው ነው። የንጉሡን ፎቶግራፍ በአንድ ሺሊንግ ይሸጥ ነበር። ለድሃ ገበሬዎች «ንጉሣችሁ ጆርጅ አምስተኛ አይደለም» አላቸው። ለቅኝ ገዢው መንግሥት ይህ ሃይማኖት ሳይሆን ዐመፅ ነበርና ሞራንት ቤይ ላይ ለፍርድ አቀረበው። ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ደጋግሜ አነበብኩ። የሃዌል ስብከት እንዴት ወደ እኛ ደረሰ? ስብሰባው ላይ የተላኩ ፖሊሶች የሰሙትን ጻፉ፤ ጽሑፋቸውን ችሎት ቀርበው አስረዱ፤ ጋዜጠኛው ያንን አተመ። የመጀመሪያው የራስ ተፈሪያን ስብከት ለታሪክ የተቀመጠው በከሳሹ እጅ ነው። ይህ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በጥላቻ የጻፈ ሰው ሳያስበው የሚያስቀምጠው ብዙ አለ፤ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ሰው፣ ምን ተዘመረ። ፖሊስ ባይከታተላቸው ኖሮ እነዚያ የሴንት ቶማስ ምሽቶች ጨርሰው ይጠፉ ነበር። እያነበብኩ ጸሐፊውን ጠላሁትም፣ አመሰገንኩትም።

ማክሰኞ

ኪንግ ጎዳና 76 ቁጥር፣ ሊበርቲ ሆል። ጃማይካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ ማርከስ ጋርቬይ ማኅበሩን ይመራበት የነበረው ቤት አሁን ሙዚየምና ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ተሰልፈው ይመጣሉ። ራስ ተፈሪያን ጋርቬይን ነቢይ ይሉታል። «ወደ አፍሪካ ተመልከቱ፣ ጥቁር ንጉሥ ሲነግሥ ያኔ መዳናችሁ ቀርቧል» ብሎ ተናግሯል የሚለው ቃል በየቤቱ ይጠቀሳል። ተመራማሪዎች ግን በታተሙ ንግግሮቹ ውስጥ ፈልገው አላገኙትም። የሚገኘው ሌላ ነው፦ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንግሡ ሲፈጸም ጋርቬይ በጋዜጣው ደስታውን ገልጦ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙር ጠቅሷል። ከጣልያን ወረራ በኋላ ደግሞ ንጉሡን አገራቸውን ጥለው ወጡ ብሎ በብርቱ ነቅፏቸዋል። ነቢዩ መሲሑን የነቀፈበት ታሪክ ነው። አንድ የራስታ አስጎብኚ ይህን ስጠይቀው «ዮሐንስም በእስር ቤት ሆኖ፣ ‹የሚመጣው አንተ ነህን?› ብሎ ልኳል» አለኝ። መልሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የወጣ ነው፤ እዚህ ሁሉም ነገር ወደዚያ ይመለሳል።

ረቡዕ፣ ሞና

የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የቀድሞ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነው፤ ባሪያዎች የሠሩት የውኃ ማስተላለፊያ ግንብ በሣሩ መካከል እስካሁን ቆሟል። ቤተ መጻሕፍቱ ስለ ካሪቢያን የተጻፈውን ለብቻው በአንድ ክፍል ይዞታል። ለውጭ ተመራማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የያዘ ሰው አይቸገርም።

የመጣሁት በ1960 ለወጣች አንዲት ቀጭን ጥናት ነው። በዚያ ዓመት ከተማው በራስ ተፈሪያን ፍርሃት ተይዞ ነበር። ፕላኖና ጓደኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቀርበው «እኛን አጥኑን፣ ማን እንደ ሆንን ጻፉ» አሉ። ኤም ጂ ስሚዝ፣ ሮይ ኦጊየርና ሬክስ ኔትልፎርድ ለሁለት ሳምንት በምዕራብ ኪንግስተን ሰፈሮች እየዞሩ ጠይቀው ጻፉ። ጽሑፉ ፍርሃት ላይ ለነበረ ሕዝብ እጅግ የተረጋጋ ነው፤ አብዛኞቹ ሰላማዊ ናቸው፣ የሚያስመርራቸው ድህነትና የፖሊስ በደል ነው ይላል። ከመጨረሻው የውሳኔ ሐሳብ ውስጥ ሁለቱን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳልነግር ማለፍ አልችልም። አንደኛው ወደ አፍሪካ አገሮች መልእክተኞች እንዲላኩ ነው፤ በ1961 ተልከው፣ ከመካከላቸው ሦስት ራስ ተፈሪያን ነበሩ፣ አዲስ አበባ ገብተው ንጉሡን አገኙ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በምዕራብ ኪንግስተን እንድትተከል ይበረታታ የሚል ነው። እሑድ ያስቀደስኩባት ቤተ ክርስቲያን ከመተከሏ አሥር ዓመት በፊት በዚህ ገጽ ላይ ተጠይቃ ነበር ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከግቢው ብዙም ወደማይርቀው ኦገስት ታውን ወረድኩ። የአሌክሳንደር ቤድዋርድ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ግድግዳ እዚያ አለ፤ ጣሪያ የለውም። ቤድዋርድ በሆፕ ወንዝ ውኃ እያጠመቀና እየፈወሰ ሺሕዎችን የሰበሰበ ሰባኪ ነበር፤ ባለ ሥልጣናቱ እብድ ነው ብለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ዘጉበትና በ1930 እዚያው ሞተ። ራስ ተፈሪ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው። ከተከታዮቹ ብዙዎቹ በኋላ ወደ ራስ ተፈሪያን እንደ ገቡ ይነገራል። ከእርሱም በፊት፣ በ1780ዎቹ፣ ጆርጅ ላይል የተባለ ነጻ የወጣ ባሪያ ኪንግስተን ውስጥ የመሠረታት የባፕቲስት ጉባኤ የኢትዮጵያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ትባል ነበር። የአገራችን ስም በዚህች ደሴት ከሃዌል በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ሲጸለይበት ኖሯል። ይህን ሳውቅ ብዙ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ።

ሐሙስ፣ ስፓኒሽ ታውን

እስከ 1872 ዋና ከተማ የነበረችው ስፓኒሽ ታውን የመንግሥት ቤተ መዛግብት መቀመጫ ናት። የቅኝ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ፋይሎች እዚህ ናቸው። ስለ ሃዌል የተጻጻፉትን ማየት የፈለገ ሰው የፋይሉን ቁጥር ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል፤ ቁጥሩ በታተሙ ጥናቶች የግርጌ ማስታወሻ ላይ ይገኛል። ጠዋቱን በሙሉ አነበብኩ። የደብዳቤዎቹ ድምፅ ከጋዜጣው የቀዘቀዘ ነው፤ አንድን ሰው እብድ ነው ብሎ መዝጋት ይሻላል ወይስ ወንጀለኛ ነው ብሎ መክሰስ የሚለው፣ እንደ መንገድ ጥገና ጉዳይ በመልካም የእጅ ጽሑፍ ይመከርበታል።

ከዚያ ወደ ስላይጎቪል ተራራ ወጣሁ። ስላይጎቪል በ1835 ለነጻ ወጪዎች የተመሠረተች የመጀመሪያዋ መንደር ናት። ሃዌል በ1940 ተከታዮቹን ይዞ የሰፈረበት ፒናክል ከዚያው አካባቢ ነው። አርሰው፣ ጋግረው፣ የራሳቸውን ዳቦ እየበሉ ኖሩ። ፖሊስ በ1941 ወረራቸው፤ በ1954 ደግሞ ቤቶቹን አፈራርሶ በተናቸው። የተበተኑት ወደ ኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ገቡ፤ ከተማው በ1960 የፈራው ራስታ የመጣው በከፊል ከዚህ ነው። መንግሥት አንድ ተራራ ላይ ተወስኖ የነበረን እምነት በገዛ እጁ በከተማው ሁሉ ዘራው። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ሜዳው እስከ ባሕሩ ድረስ ተዘርግቷል። አንድ ወጣት የቀረውን የድንጋይ መሠረት እያሳየኝ መሬቱ ይመለስልን የሚለው ክርክር እንዳላለቀ ነገረኝ።

ዓርብ፣ ቡል ቤይ

ከኪንግስተን ወደ ምሥራቅ በመስመር ታክሲ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግር። ከራስ ተፈሪያን ወገኖች አንዱ የሆነው የቦቦ ሻንቲ ሰፈር በር ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ተቀብቷል። ልዑል ኢማኑኤል ይባሉ የነበሩት መሪያቸው ጉባኤውን በ1958 ኪንግስተን ውስጥ ጀመሩ፤ ሰፈራቸው ደጋግሞ ፈርሶባቸው በ1970ዎቹ እዚህ ተራራ ላይ ረጉ። በ1994 ዐረፉ። ጋርቬይን ነቢይ፣ ኢማኑኤልን ካህን፣ ኃይለ ሥላሴን ንጉሥ ይላሉ። ወንዶቹ ጸጉራቸውን በጥምጥም ይሸፍናሉ፣ ረጅም ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ሴቶቹ እጃቸውንና እግራቸውን የሚሸፍን ልብስ ይለብሳሉ። መተዳደሪያቸው መጥረጊያ መሥራት ነው፤ ኪንግስተን ገበያ ላይ ተሸክመው ሲሸጡ ይታያሉ።

በሩ ላይ ጠባቂው ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ለምን መጣህ አለኝ። ያለ ችኮላ መመለስ ያስፈልጋል። ካሜራዬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም፤ ፈቃድ ሳይሰጥ ማውጣት በሩን ያዘጋል። አስገብተው ውኃ አቀረቡልኝ። ካህናቱ አንድ በአንድ እየመጡ «የተባረክህ» እያሉ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው ሰላም አሉኝ። ለብዙ ሰዓት ተነጋገርን። የጽሑፍ መዝገባቸውን ስጠይቅ መልሱ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር፤ የሚያውቁትን የሚያስተላልፉት በጸሎትና በቃል ነው፣ የታተመውንም ቢሆን ለእንግዳ የሚሰጡት ከተማመኑ በኋላ ነው። ከዚህ በፊት መጥቶ የወሰደ፣ ወስዶ ያልመለሰ ተመራማሪ ብዙ ነው ይላሉ። ትክክል ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ስለሚገባ ቀድሜ ወረድኩ።

ቅዳሜ

ቦቦዎቹ ዐረፉ፣ አድቬንቲስቶቹ ዐረፉ፣ እኔም ዐረፍኩ። ምሳ የበላሁት የራስታ ምግብ ቤት ነው፤ ካላሉ የሚሉት ቅጠል በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ፣ ያለ ጨውና ያለ ሥጋ። ለጾም የለመደ አፍ አይቸገርም።

ሰኞ፣ ሞንቴጎ ቤይ

ትናንት በአውቶቡስ ደሴቷን አቋርጬ መጣሁ። ሞንቴጎ ቤይ የቱሪስት ከተማ ናት፤ ከሆቴሎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ኮራል ጋርደንስ አለ። በሚያዝያ 1963 በዚያ አካባቢ ጥቂት ጺማም ሰዎች የነዳጅ ማደያ አቃጥለው በተነሣው ግጭት ስምንት ሰው ሞተ። መንግሥት የመለሰው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ አልነበረም። በምዕራብ ጃማይካ ራስታ የተባለ ሁሉ ከየቤቱና ከየእርሻው እየተለቀመ ታሰረ፣ ተደበደበ፣ ጸጉሩ ተቆረጠ። በ2015 የሕዝብ ተከላካዩ ጽሕፈት ቤት በደሉን መርምሮ ሪፖርት አወጣ፤ በ2017 ጠቅላይ ሚኒስትር አንድሩ ሆልነስ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ፒትፎር በሚባለው፣ የራስ ተፈሪያን ወገን በሆነው የኒያቢንጊ ማኅበር ውስጥ ያን ቀን ያዩ አንድ አባት አገኘሁ። ከበሮዎቹ በክቡ ድንኳን ውስጥ ተደርድረዋል፤ ትልቁ ባስ፣ መካከለኛው ፈንዴ፣ ቀጭኑ ሪፒተር። እሳቱ በመካከል ነው። አዛውንቱ ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ማሳ ላይ ሳሉ ያዟቸው። «መቀስ አላመጡም» አሉኝ። «በተሰበረ ጠርሙስ ነው የቆረጡኝ፤ እዚህ ጋ።» ከጆሯቸው በላይ ያለውን ጠባሳ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ጸጉር የማይበቅልበት የአውራ ጣት ስፋት ያለው ቦታ ነው። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ቀን በቀን ነገሩኝ፤ ማን አብሯቸው እንደ ታሰረ፣ በስንተኛው ቀን እንደ ተፈቱ፣ እናታቸው ምን እንዳሉ። እሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ይህ በጋዜጣ «የተያዙ» ከሚል ቁጥር ያለፈ ስፍራ አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ድምፅ የጃማይካ የመታሰቢያ ባንክ የተባለው ተቋም ከ1981 ጀምሮ በደሴቲቱ ሁሉ እየቀዳ አስቀምጧል፤ ኪንግስተን ስመለስ ቀጠሮዬ እዚያ ነው።

ልሰናበታቸው ስል «እናንተስ ምን ጻፋችሁ?» አሉኝ። ስለ ምን አባቴ አልኳቸው። «ስለ እኛ። በ1961 ወንድሞቻችን አዲስ አበባ ሄደው ንጉሡን አነጋግረዋል። እዚህ የእኛ ሰዎች ያሉትን ጽፈናል። በእናንተ ቋንቋ፣ በቤተ መንግሥታችሁ የተጻፈው የት ነው?»

ወመዘክር ውስጥ የምፈልገውን ዝርዝር ዛሬ ማታ ሆቴል ተቀምጬ ጻፍኩ፦ የ1953 ዓ.ም. የቤተ መንግሥት የእንግዳ አቀባበል ወረቀቶች፣ የሚያዝያ 1958 ዓ.ም. የአዲስ ዘመን ቅጾች፣ የሻሸመኔ መሬት ጉዳይ የተጻጻፉበት ደብዳቤዎች፣ አባ ላእከ ከጃማይካ ወደ መንበረ ፓትርያርኩ የላኩት ሪፖርት ካለ እርሱም። ያገኘሁትን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ወደ ፒትፎር እንደምልክላቸው ለአዛውንቱ ቃል ገብቻለሁ።